እናቴን ሳታውቅ ቀረጽኳት

የሌላውን ገመና ሳነብ ኖሬ ዛሬ ተራው የኔ ሆነና ብዕሬን አነሳሁ። ነገሩ እንዲህ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ የፈለግሁት ሕግ ነበር። የደረሰኝ ግን ጋዜጠኝነት ሆነ። አባቴ ሲሰማ «ወሬ ለመልቀም ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ምን ያደርጋል?» አለ። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን እኔም ከሱ የተለየ ሐሳብ አልነበረኝም።

ውሎ አድሮ ግን ትምህርቱን ወደድኩት። ዜናን በማን፣ በምን፣ በመቼ፣ በየት፣ በለምንና በእንዴት መበለት ተማርን። ሳንሱርን ያስቀረው የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34 በ1985 ዓ.ም. መውጣቱን ሸመደድን። ወደ ፊልሙ ስንዞር ደግሞ በ1957 ዓ.ም. ከተሠራው «ሂሩት አባቷ ማነው?» ተነስተን የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እስከ ማየት ደረስን። ችግሩ መሣሪያ ነው። ለአርባ ተማሪ የሚሠሩት ካሜራዎች ሁለት ብቻ ነበሩ! ስም ጽፎ ተራ መጠበቅ፣ ዕቃ ቤቱን ሰውዬ መለማመጥ፣ ተራው ሲደርስ ደግሞ ባትሪው ሞቶ ማግኘት… ብቻ ተዉት።

ለመመረቂያ አጭር ዶክመንተሪ መሥራት ግዴታችን ነበር። እኔ የእናቴን ሥራ መረጥኩ። እማዬ እንጀራ ጋግራ ለሱቆች ታስረክባለች፤ ያስተማረኝ ያ ምጣድ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ካሜራውን ለሦስት ቀን ተዋስኩና ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስቼ ማድ ቤት ውስጥ ተከልኩት።

መምህራችን አንድ ዘዴ አስተምሮናል። ካሜራው ሲቀዳ ፊት ለፊቱ ትንሽ ቀይ መብራት ይበራል። ሰው እሱን ሲያይ ይደነግጣል፣ ድምፁ ይለወጣል። ስለዚህ በጥቁር ፕላስተር ሸፍኑት አለን። ሸፈንኩት። የመጀመሪያውን ቀን እማዬ ነጠላዋን ስታስተካክል፣ እንደ ሬዲዮ ዜና አንባቢ ቃል ስትመርጥ ዋለች። በሁለተኛው ቀን ረሳችው። በሦስተኛው ቀን የመጨረሻውን እንጀራ አወጣችና ሰፌዱን አስቀምጣ «አጠፋሽው?» አለችኝ። እኔ ዓይኔን ከካሜራው ላይ አንስቼ ገመድ እየጠቀለልኩ ነበር። «እህም» አልኳት።

«እህም» እሺም እምቢም አይደለም። እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ ያ «እህም» ነው። ምክንያቱም እየቀዳ መሆኑን አውቅ ነበር!

ከዚያ ዱካዋ ላይ አረፍ ብላ ማውራት ጀመረች። አባቴን ከማግባቷ በፊት፣ ገና የ17 ዓመት ልጅ ሳለች፣ በትውልድ ከተማዋ ወንድ ልጅ ወልዳ ኖሯል። ልጁን የአባቱ ዘመዶች ወሰዱት። እሷ ሰው ቤት ልትቀጠር አዲስ አበባ መጣች። አባቴ ይህን አያውቅም። ስሙን ጠራችው። «አሁን ሠላሳ ይሆነዋል… በሕይወት ካለ» አለች። ከዚያ ምንም እንዳልተናገረ ሰው ተነስታ አክንባሎውን ከደነች።

ጉዱ የፈነዳው ቅንብር ላይ ነው። ድምፅ የሚያስተካክልልኝ የክፍል ጓደኛዬ ሰማና ለመምህሩ ነገረ። መምህሩ ጠርቶኝ «ፊልምሽ ይሄ ነው! የእንጀራውን ማንም ይሠራዋል» አለኝ። እናቴ መቀረጿን እንደማታውቅ ስነግረው «እናትሽ አይደለችም እንዴ? ትፈቅድልሻለች» አለ። የሙያ ሥነ ምግባር ያስተማረን እኮ እሱ ራሱ ነው! እኔም ኤ ነው ያገኘሁበት።

ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ዋሽቼ አላውቅም አልላችሁም፤ ውጤቱ አማሎኝ ነበር። «በስተኋላ እነግራታለሁ፣ ምን ታመጣለች» ያልኩበት ሰዓት አለ።

በአራተኛው ቀን እሑድ ነበር። አባቴ እድር ሲሄድ ላፕቶፑን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩና ከፈትኩላት። መጀመሪያ «ውይ ነጠላዬ! ምነው አትነግሪኝም?» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ሰማች። ዝም አለች። እስኪያልቅ አንዴም አልተነፈሰችም። ሲያልቅ «አጠፋሽው ስልሽ እሺ አላልሽኝም?» አለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እግሯ ላይ ወደቅሁ። አነሳችኝ እንጂ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ይሄ ለሰው አይታይም» አለች። አለቀ። በአዋጅ የቀረው ሳንሱር በኛ ቤት ተመለሰ፤ እኔም አልተከራከርኩም።

ፊልሙን ያለዚያ ክፍል አስረከብኩ። ሲ አገኘሁ። መምህሩ ከዚያ ወዲህ ሰላምታዬንም ቀንሶ ነበር። አባቴ ግን የምረቃ ሰሞን አየውና «እንጀራው ያምራል» አለ። ከሱ አፍ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ታዲያ ዛሬ ለምን በጋዜጣ ታወጪዋለሽ ትሉኝ ይሆናል። ከመጻፌ በፊት አነበብኩላት። «ስም ከሌለው ማን ያውቀኛል? እንደኔ ያለች ስንትና ስንት ናት» ብላ ፈቀደች። የከተማዋን ስም ግን አስወጣችኝ። ልጁን እንድፈልገውም ጠይቄያታለሁ፤ ሰው ማፈላለግ የተማርኩት ሙያ አይደል? «አባትሽ እያለ አይሆንም» አለች። እኔ ደግሞ አንድ ወንድም አለኝ፤ መልኩን አላውቀውም። ይህን ነገር ያሳለፋችሁ ካላችሁ ምክራችሁን እሻለሁ።

ያን ቀን ካርዱን ልሰርዘው ስል ግን እጄን ያዘችኝ። «ቆይ እስቲ» አለች። አሁን በመሐረብ ተጠቅልሎ የጆሮ ጌጧ ያለበት ሣጥን ውስጥ ነው። አባቴ እድር ሲሄድ «ያቺን ነገር አምጪያት» ትለኛለች። እከፍትላታለሁ። ስሙን የምትጠራበት ቦታ ስንደርስ «መልሺው» ትለኛለች።