ከሉማሜ፦ መንገዱን ከበጎች ጋር ነው የምትጋራው

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

ለመስቀል ልጆቹን ይዘህ በራስህ መኪና እንደምትመጣ ስለሰማሁ፣ ስለ መንገዱ አስቀድሜ ልጽፍልህ ብዬ ነው።

ስለ ዓባይ በረሃ ሁሉም ሰው ያስጠነቅቅሃል። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁለቱን ወርዶ፣ በጃፓን ርዳታ የተሠራውን ድልድይ ተሻግሮ ደጀን እስኪወጣ ድረስ ማንም ሹፌር ነቅቶ ነው የሚነዳው። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ከደጀን ወዲህ አገሩ ሜዳ ነው፤ መንገዱ ቀጥ ሲል ሹፌሩ ሁሉ ነዳጅ ይረግጣል። የትኖራን አልፈህ ሉማሜ እስክትገባ ግን መንገዱን ከበጎች ጋር ነው የምትጋራው።

በክረምት ግራና ቀኙ ጤፍና ስንዴ ነው። የጋራ ግጦሹ ጠባብ ነው። አዝመራው ተነሥቶ ከብቱ ቃርሚያ ላይ እስኪለቀቅ ድረስ፣ ከማንም የማያጣላው ሣር የአስፋልቱ ዳር ነው። እረኛው በጎቹን ወደዚያ ቢያወጣ አይፈረድበትም። ሰሞኑን ደግሞ የእንቁጣጣሽ ገበያ ደርሶ ብሷል፤ ገበሬው ሙክቱን በገመድ እየሳበ በመንገዱ ዳር ይመጣል፣ ከመንጋው የተለየ ሙክት ደግሞ መኪና ሲሰማ ይደነብራል።

ትናንት ማለዳ ከከተማው ወጣ ብዬ ያየሁትን ልንገርህ። አንዲት ቡናማ በግ ከመንገዱ ማዶ ትግጣለች፤ ግልገሏ በእኔ በኩል ቀርቷል። አይሱዙ መጣ። ሹፌሩ ክላክሱን ሲያስጮኸው እናቲቱ ቀና ብላ ጮኸች። ግልገሉ ድምፅዋን እንደሰማ ከጎማው ፊት ተወርውሮ ገባ። እረኛው፣ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ዱላውን ጥሎ ተከተለው። ፍሬኑ ያዘ። መኪናው ሲቆም ልጁ ግልገሉን በደረቱ አቅፎ ከመብራቱ ፊት ቆሟል፤ ከንፈሩ ደርቋል፣ ዓይኑ ግን በጎቹን ይቆጥራል።

በስኮትላንድ ተራራማ አገርም በጎች እንዲሁ መንገድ ላይ ይውላሉ፤ እዚያ ግን አብዛኛውን ጊዜ እረኛ አይከተላቸውም። እዚህ ከበጉ ኋላ ልጅ አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የእንስሳውንም የመኪናውንም ባለቤት ላደረሱት ጉዳት ኃላፊ ያደርጋል። ለሞተ በግ ሽማግሌ ተቀምጦ ዋጋ ይቆርጣል፣ ሁለቱም ወገን ይስማማሉ። ለልጅ ግን ማን ዋጋ ይቆርጣል?

አደራህን፣ በግ ስታይ ክላክስ አትንካ። ፍየል ዘላ ታመልጣለች፤ በግ ግን የፊተኛውን ይከተላል፣ አንዱ ከተሻገረ የቀረውም መምጣቱ አይቀርም። ግልገል ወዲህ እናቱ ወዲያ ከሆኑ ጨርሰህ አቁም። እረኛው አፏጭቶ ሰብስቦ ሲያሳልፋቸው አንድ ደቂቃ ቢፈጅብህ ነው። ልጆችህም ከኋላ ሆነው እያዩህ ነው፤ አንተ ስታቆም ያዩትን ነገ እነሱም ያደርጉታል።

ከአዲስ አበባ በሌሊት ተነሣ፤ ደጀንን በቀን እለፍ። ከደጀን እስከ ሉማሜ ቀስ ብለህ ንዳ፣ ብትዘገይም እንጠብቅሃለን።

እህትህ፣ ከሉማሜ