ባለ ሰባት ቁልፏ ዕቃና የእናቴ ቆርቆሮ

ዛሬ ላወጋችሁ ያሰብኩት ልጄ ለኤሌክትሪክ ጊታሩ ኢኳላይዘር የሚሉትን ዕቃ ግዢልኝ ብሎ ስለጠየቀኝ ጊዜ ነው። «ይህ ደግሞ የእናቶች ጉዳይ ነው ወይ?» የምትል እኅት ብትኖር፣ ከደመወዛችን ተቀንሶ የሚገዛ ነገር ሁሉ ጉዳያችን ነው እላታለሁ።

የተወለድኩት መዘዞ ነው። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ጣርማ በር ላይ ወደ መንዝ የሚታጠፈውን መንገድ ይዞ የሄደ ሁሉ ብርዷን ያውቀዋል፤ ያልሄደባትም በኦፓል ድንጋይዋ ስሟን ሳይሰማ አይቀርም። እናቴ እስካሁን እዚያው ናት። እኔ ግን ደብረ ብርሃን ወርጄ፣ በልብስ ስፌት መኪና ላይ ተቀምጬ ልጆቼን አሳደግሁ። አባቴ ነፍሱን ይማረውና ሙዚቃ የሚጫወተውን ሁሉ «አዝማሪ» እያለ በንቀት ይጠራ ስለነበር፣ ወንድሜ ክራር የተማረው ከሣር ክምር ሥር እየደበቀ ነው። እኔም በ1970ዎቹ መጨረሻ የሮሃ ባንድን ካሴት ከጎረቤት ቤት ተደብቄ ነበር የምሰማው። የሰላም ሥዩም ጊታር ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም። እንግዲህ እንዲህ ሆኜ ያደግሁ ሴት፣ ልጄ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ጊታር ሲይዝ በምን አፌ ልከልክለው?

በጥር ወር 2011 ዓ.ም. የእኅቴ ልጅ መዘዞ ላይ ተዳረች። ልጄና ጓደኞቹ የተከራዩትን አምፕሊፋየር ሚኒባስ ላይ ጭነው መጡ። ከሞላሌ የተጠሩ አንድ አዛውንት ማሲንቆ መቺም ነበሩ። ማታ ላይ እናቴ ተነሣች። በእኛ አገር ዳስ ውስጥ ሰው ተነሥቶ ለማሲንቆ መቺው ግጥም ይሰጣል፤ መቺውም ተቀብሎ በዜማ ያወጣዋል። እናቴ ለዚያች ሌሊት ያዘጋጀችው ግጥም ባለፈው ዓመት ስለተለየን አባቴ ነበር። ሰጠች። ሽማግሌውም አፋቸውን ከፍተው ተቀበሉ፤ ነገር ግን የልጄ ጊታር ዋጠው። ማሲንቆው ሲገዘገዝ እናያለን እንጂ አንዳች አንሰማም። እናቴ ምንም ሳትናገር ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ጓዳ ገባች። በዚያች ሌሊት ወደ ዳሱ አልተመለሰችም።

በማግሥቱ ልጄን ተቆጣሁት። «ድምፁን ብትቀንሰው ምን ነበረበት?»

«ቀንሼው ነበር እኮ እማዬ» አለኝ ዓይኑ እንባ ሞልቶ። «ስቀንሰው እኔ ጠፋሁ፤ ስጨምረው እነሱ ጠፉ።»

ነገሩን ያስረዳኝ ቤታችን ከተመለስን በኋላ ነው። የጊታር ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ በሴኮንድ 82 ጊዜ ያህል ይንቀጠቀጣል፤ ቀጭኑ ደግሞ 330 ጊዜ ያህል። ከዚያ በላይ እስከ ብዙ ሺህ የሚደርሱ ረቂቅ ድምፆች አብረው ይወጣሉ። የሰው ድምፅና ማሲንቆ ዋና ጉልበታቸው ያለው መካከሉ ላይ ስለሆነ፣ ጊታሩም እዚያው ሲደርብባቸው ይሸፍናቸዋል። አምፕሊፋየሩ ዳሱ ጥግ ተቀምጦ ስለነበር ወፍራሙ ድምፅ ይባስ ጎርንኖ ነበር። ኢኳላይዘር ታዲያ ድምፅን ከፋፍሎ፣ ከየትኛው ክፍል እንደሚቀነስና በየትኛው እንደሚጨመር ለብቻ ለብቻ ያስመርጣል። እኔ ከመኪናዬ ድምፅ ዘይት ያነሳትን ጊዜ ለይቼ የማውቅ ሰው ስለሆንኩ ነገሩ አልከበደኝም።

የከበደኝ ዋጋው ነው። የሁለት ወር ደመወዜን ይበልጥ ነበር። እጄ ላይ ያለው ገንዘብ ደግሞ የእናቴን ጓዳ ቆርቆሮ ላስለውጥበት ያጠራቀምኩት ነው። ሦስት ሌሊት ሳገላብጠው ቆይቼ፣ በመጨረሻ ልጄን ይዤ አዲስ አበባ ወረድኩ።

ባለ ሱቁ ሦስት ዓይነት አወጣልን። አንደኛው ባለ 10 ተንሸራታች ቁልፍ ኤም-ኤክስ-አር ነው። እኔማ ቁልፉ ሲበዛ የሚሻል መስሎኝ ነበር! ልጄ ግን የመጀመሪያው ቁልፍ 31 ሄርዝ፣ የመጨረሻው 16 ሺህ ሄርዝ መሆኑን አሳየኝ፤ ጊታር ወደዚያ አይወርድም፣ የጊታር ድምፅ ማጉያም ወደዚህኛው አይወጣም። በዚያ ላይ 18 ቮልት ይፈልጋል። ሁለተኛዋ ከሳሙና የማትበልጥ ቆንጆ ዕቃ ነበረች፤ ነገር ግን የባትሪ ድንጋይ ማስገቢያ የላትም። ሦስተኛዋ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ስትሠራ የኖረችው ባለ 7 ቁልፏ ቦስ ናት፤ ከ100 ሄርዝ ተነሥታ እያንዳንዱ ቁልፍ የፊተኛውን እጥፍ እየሆነ እስከ 6400 ትደርሳለች። እያንዳንዱም እስከ 15 ዴሲቤል ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። በባለ 9 ቮልት ባትሪ ድንጋይም ትሠራለች።

«አምፕሊፋየሩ ላይ ያሉት ቁልፎች አይበቁም?» ብዬ ጠየቅሁ፤ ገንዘቤን ላድን ፈልጌ እንደሆነ አልደብቃችሁም። ባለ ሱቁ በቅንነት «የራሱ አምፕሊፋየር ካለው ይበቁታል» አለኝ። ልጄ ግን የራሱ የለውም፤ በየሠርጉ የተከራዩት ሁሉ ጠባዩ ልዩ ልዩ ነው። ባለ ሰባቷን ያዝን። አሮጌ ስለነበረች ከመክፈሌ በፊት ጊታር አሰክቼ እያንዳንዱን ቁልፍ ላይና ታች አስነዳሁ፤ አቧራ የገባበት ቁልፍ ይንኮሻኮሻልና። አንዱ ተንኮሻኮሸ፤ በእርሱም ዋጋ አስቀነስኩ። እንዲህ ያለ ዕቃ የምትገዙ እናቶች ሁለት ነገር ልብ በሉ፤ አዳፕተሩ እምብርቱ ኔጌቲቭ የሆነ ባለ 9 ቮልት መሆኑን አረጋግጡ፤ ከጨዋታ በኋላም ገመዱ ከዕቃው ይነቀል፤ እንደተሰካ ካደረ ባትሪ ድንጋዩ ያልቃል።

ልጄ መጀመሪያ ያየውን ሁሉ መጨመር ያምረው ነበር። የላይኞቹን ሁለቱን ከፍ ሲያደርጋቸው ዕቃዋ እንደ ፈላ ጀበና ትሺሺ አለች። ቀስ በቀስ መቀነስን ተማረ፤ ከ400 እና ከ800 ጥቂት፣ ከ100 ደግሞ በርከት አድርጎ።

በ2012 ዓ.ም. ጥር ሌላ ሠርግ ወደ መዘዞ ወሰደን። ያው ማሲንቆ መቺም ነበሩ። ልጄ አምፕሊፋየሩን ከጥጉ አውጥቶ፣ ሽማግሌው ሲጀምሩ ዕቃዋን በእግሩ ረገጠ። ጊታሩ አልጠፋም፤ ማሲንቆውም ጥርት ብሎ ወጣ። እናቴ ተነሣች። ያንን የአባቴን ግጥም ትደግመዋለች ብዬ ልቤ ተንጠለጠለ። እርሷ ግን የሰጠችው ሌላ ነው፤ ስለሚያፈስ ጓዳና ስለ ጠፋ ቆርቆሮ! ለካስ ልጄ ሁሉን ነግሯት ኖሯል። ሽማግሌው እያንዳንዷን ቃል አጥርተው አወጧት፤ ዳሱ በሙሉ ሰምቶ ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ። መግቢያ አጣሁ።

ጨዋታው ሲያበቃ እናቴ ወደ ልጄ ሄዳ ጎንበስ ብላ ዕቃዋን አየቻት።

«ቆርቆሮዬን የበላችው ይህች ናት?»

«አዎ እማማ።»

«እስቲ ልርገጣት» አለችና ጫማዋን አውልቃ ረገጠቻት። ስለ አባቴ ግጥም በኋላ ስጠይቃት «የዚያ ቀን ነበር» ብላ ዝም አለችኝ። ቆርቆሮውን፣ ልጄ ከሠርጎቹ ያገኘውን ጨምሮልኝ፣ ክረምቱ ሳይገባ አስመታንላት።