በድሬዳዋ ሰርግ ቤት፦ ሁመር፣ ሎሚና ናዕናዕ



በየካቲት 2016 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ የሻዕባን ወር በገባበት ሰሞን፣ የመንፈቅ ዓመቱ የትምህርት እረፍት ስለገጠመልን ወደ ድሬዳዋ ተጉዘን ነበር። «እኛ» ስንል ባልና ሚስቱን ማለታችን ነው፤ ሁለታችንም መምህራን ነን። የተጠራነው ለአክስታችን ልጅ ኒካሕ ነው። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሳሳን ግን ሰርጉ ራሱ ሳይሆን፣ በሰርጉ ዋዜማ ከማድ ቤቱ ግድግዳ አጠገብ የተቀመጠ አንድ በርሜል ነው።

ጉዟችን በባቡር ነበር። ይህ የኤሌክትሪክ ባቡር አገልግሎት መስጠት የጀመረው በ2010 ዓ.ም. ሲሆን፣ እኛም ለቡ ከሚገኘው ጣቢያ ማልደን ተሳፈርን። አዋሽን ካለፍን በኋላ ደጋው ተረሳ፤ ግራርና ግመል በዛ፤ ከአዲስ አበባ ደርበን የመጣነውን ሹራብ አውልቀን ቦርሳ ውስጥ ከተትን። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ የቀረውን መንገድ በባጃጅ ጨረስነው።

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ ይውጣ ቢባል ወጪው ከባድ ሆኖ ስለተገኘ ከግርጌው ቀረ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ ከተማዪቱ እዚያው ተቆረቆረች። ደቻቱ የሚባለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ሆኖ የሚታየው ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል፤ በአንድ ወገን የዛፍ ጥላ የበዛበት ከዚራ፣ በሌላው ወገን መጋላና ቀፊራ።

ለአዲስ አበባ ሰው መጀመሪያ ግር የሚለው የሕዝቡ አነጋገር ነው። በድሬ «አንቱታ» ብዙም ቦታ የለውም። አክስታችን ስድሳውን ያለፈች እናት ብትሆንም ትንሹም ትልቁም «አንቺ» ይላታል። እኛ እንደለመድነው «እንደምን ሰነበቱ?» ብንላት «ምነው፣ ተጣላን እንዴ?» ብላ ሳቀችብን። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «አለች»፣ «ሠራች» ስንል ንቀት እንዳይመስላችሁ፤ በቤቷ ሕግ መጻፋችን ነው።

የደረስነው ዐስር ሶላት ሲቃረብ ነበር። ገና አረፍ ሳንል በትልልቅ ብርጭቆ ቡናማ መጠጥ ቀረበልን። ሁመር ነው። ሁመር በአንዳንድ አካባቢ ሮቃ የሚባለው ዛፍ ፍሬ ሲሆን፣ ቅርፊቱ እንደ ባቄላ የረዘመ፣ ውስጡ ቡናማ፣ የሚያጣብቅና ኮምጣጣ ነው። በዚያ አገር ያደገ ሰው ስሙን ሲሰማ ብቻ ምራቁ ይሞላል። አክስታችን አንዱን ኪሎ በአምስት ሊትር ለብ ያለ ውሃ ትዘፈዝፈዋለች፤ አንድ ሰዓት ያህል ቆይታ በእጇ እያሸች ፍሬውንና ጭረቱን ታወጣለች፤ ከዚያም በንጹሕ ስስ ጨርቅ ታጠልለዋለች። ስኳር ትጨምራለች፤ ለብቻው ፈልቶ የቀዘቀዘ የዝንጅብል ውሃም ጠብ ታደርግበታለች። በእኛ ብርጭቆ ላይ ደግሞ ሁለት የናዕናዕ ቅጠል ተንሳፎ ነበር። ናዕናዑን እንዴት እንደምታዘጋጀው ብንጠይቃት «አትውቀጡት፤ መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ አጨብጭቡበት፣ ይበቃዋል» አለችን። እቤታችን ስንመለስ ሞክረነዋል። ቅጠሉ ሲወቀጥ ምሬቱ አብሮ ይወጣል፤ ሲጨበጨብበት ግን መዓዛው ብቻ ይለቃል።

ማምሻውን ሙሽራው ከሥራ መጣ። ፊቱ ላይ የሙሽራ ደስታ አላየንም። በሚሠራበት ድርጅት ውስጥ ያሉት ባልደረቦቹ ከልዩ ልዩ እምነት የመጡ ናቸው፤ እሱም በየሰርጋቸው ተጠርቶ ሄዷል፣ መጠጡን ሳይነካ ምግቡን በልቶ ተመልሷል። አሁን ተራው የእሱ ሲሆን «ለስላሳ ብቻ ደርድሬ ልቀበላቸው ነው?» የሚል ሐሳብ ገብቶታል። በስልኩ ላይ በረጅም ብርጭቆ የተቀዳ፣ ከንፈሩ ላይ የሎሚ ቁራጭ የተሰካበት፣ ቅጠል ጣል የተደረገበት መጠጥ አሳየን። «አልኮል የሌለው ኮክቴል ነው የሚሉት» አለን። አክስታችን አንገቷን አስግጋ ተመለከተችና «አቦ ይሄ የእኛው ሎሚ አይደል እንዴ? ብርጭቆው ነው የረዘመው!» አለች።

ሳቅን፤ ነገር ግን የልጁን ጭንቀት አልናቅነውም። እኛ መምህራን ለወጣቶች «ይህን አትጠጡ» ማለቱን እናውቅበታለን። «እንካችሁ፣ ይህን ጠጡ» ብለን በክብር የምናቀርበው ግን ምን ያህል ነው? ከሐራሙ የራቀ ወጣት በእንግዶቹ ፊት ባዶ እጁን የቆመ መስሎ ከተሰማው ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይመስለንም።

በማግስቱ ወደ ቀፊራ ገበያ ወጣን። ቅስት በሮቹን አልፎ የገባ ሰው ኦሮምኛውን፣ ሶማልኛውን፣ አማርኛውንና ሐረሪውን በአንድ የዋጋ ክርክር ውስጥ ይሰማል። ሎሚ በዘንቢል፣ ብርቱካን፣ ፓፓያ፣ ዝንጅብል፣ በሶብላና የታሰረ ናዕናዕ ገዛን። ጤና አዳምም አይተን ነበር፤ አክስታችን ግን «እርጉዝ እንግዳ ትኖራለች» ብላ ተወችው። ልክ ነች፤ ጤና አዳም በቡና ላይ ጣል ስናደርገው እንዲሁ ቅጠል ይመስለናል እንጂ ለነፍሰ ጡር የሚመከር አይደለም።

ከአንድ ሱቅ መደርደሪያ ላይ የቪምቶ ጠርሙስ አይተን ለሙሽራው አንድ ወሬ ነገርነው። ብዙዎቻችን ቪምቶን የዐረብ አገር መጠጥ አድርገን እናስባለን፤ የረመዳን ሱፍራ ላይ ስለለመድነው፣ በጁስ ቤቶችም ስፕሪስ ላይ ጠብ ሲደረግ ስለምናይ ነው። የተፈጠረው ግን እ.ኤ.አ. በ1908 በእንግሊዝ አገር፣ በማንቸስተር ከተማ ነው። ፈጣሪው ጆን ኖኤል ኒኮልስ የቅመማ ቅመምና የመድኃኒት ቅጠሎች ነጋዴ ነበር። ዘመኑ በዚያ አገር ከአልኮል የመታቀብ እንቅስቃሴ የበረታበት ስለነበር፣ የወይንና የሌሎች ፍራፍሬዎችን ጭማቂ ከቅጠላ ቅጠልና ከቅመም ጋር ቀላቅሎ ለማይጠጡ ሰዎች መጠጥ አወጣላቸው። «ታዲያ አንተ የምታፍረው በምንድን ነው?» አልነው። ሙሽራው ፈገግ አለ፤ ዘንቢሉንም እሱ ተሸከመ።

ያን ቀን ቤቱ የቤተ ሙከራ ክፍል መሰለ። ብርቱካንና ፓፓያ በሎሚ ተዋሕደው አማሩ። ፓፓያ በወተት ግን ተወቀሰ፤ ወዲያው ሲቀዳ ይጥማል፣ ትንሽ ከቆየ ይመራል። ፓፓያ የወተትን ፕሮቲን የሚፈጭ ንጥረ ነገር ስላለው ነው። ሎሚና በሶብላ የአጎታችን ድርሻ ሆነ። አጎታችን የስኳር ሕመምተኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የሚጨመር ስኳር ከዕለቱ ኃይል ሰጪ ምግብ አንድ አሥረኛ እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ይህም ለአዋቂ ሰው በግምት 50 ግራም ነው፤ የተጨመቀ ፍራፍሬ ውስጥ ያለው ስኳርም አብሮ ይቆጠራል። ስለዚህ የእሱ ማንቆርቆሪያ ስኳር ያልነካው፣ ሎሚው ጠብ ብቻ ያለበት፣ በበሶብላ የታወደ ውሃ ነበር። ሲጠጣው ፊቱን ቢያጨማድድም ደግሞ ጠየቀ።

አሁን ወደ በርሜሉ እንምጣ። ለብዙ ሰው ስለሚበቃ በሰርጉ ዋዜማ፣ ከዙህር በኋላ፣ ሁለት የፕላስቲክ በርሜል ሁመር ተዘጋጀ። አንደኛው እንደ ወትሮው ተጠልሎ ስኳር ሳይገባበት ጥላ ሥር ተቀመጠ። በሁለተኛው ላይ ሙሽራው የራሱን ፈጠራ አከለበት፤ ስኳሩን ከጨመረ በኋላ ቴምርና ዘቢብ ቀላቅሎ ነከረበት። «ጣፋጩና ኮምጣጣው ሲገናኙ ያን ጊዜ ታያላችሁ!» እያለ ከደነው። ያስቀመጠው ግን ሌሊቱን ሙሉ እሳት ሲነድበት ካደረው የማድ ቤት ግድግዳ ሥር ነበር። ማንም ልብ አላለውም።

ጠዋት በረፋዱ ላይ ክዳኑ ሲነሳ ፊቱ በነጭ አረፋ ተሸፍኖ፣ ዘቢቡ አብጦ ወደ ላይ ወጥቶ ተገኘ። ጠጋ ብሎ ላዳመጠውም እንደ ጽሽታ ያለ ድምፅ ይሰማ ነበር። ኒካሑ ሊታሰር የቀረው ሦስት ሰዓት ያህል ነው።

ክርክሩ ተጀመረ። አጎታችን «ትንሽ አረፋ ያለው ሁሉ ኸምር ነው እንዴ? ለስላሳውስ አረፋ አለው» አለ። ሙሽራው ቀምሶ «ጣዕሙ አልተለወጠም፣ እንዲያውም ጣፍጧል» አለ። ከረዳቶቹ አንዱ ደግሞ «ለመሥሪያ ቤት እንግዶች ብቻ ይቀዳላቸው፣ እነሱ ችግር የለባቸውም» የሚል ሐሳብ አመጣ። አክስታችን ሁሉንም ሰምታ ወደ እኛ ዞረች። «እናንተ ሁለቱንም ትምህርት ተምራችኋል፤ ምን ትላላችሁ?»

ለመናገር ቀላል አልነበረም። ሃምሳ ሊትር መጠጥ ነው፤ የሙሽራውም ሞራል አለበት። ያም ሆኖ የምናውቀውን ተናገርን። እርሾ በዓይን የማይታይ ሕያው ነገር ነው፤ በዘቢብና በቴምር ገጽ ላይም ሊኖር ይችላል። ውሃ፣ ስኳርና ሙቀት ሲያገኝ ስኳሩን እየበላ ሁለት ነገር ያወጣል፦ አንዱ አረፋውን የሚሠራው ጋዝ ነው፣ ሌላው አልኮል ነው። የለስላሳ አረፋ በፋብሪካ ተጨምሮበት የመጣ ነው፤ የዚህ በርሜል አረፋ ግን ከውስጡ የተወለደ ነው። የሁመሩ ኮምጣጣነትም እርሾን አያቆመውም።

በመድረሳ የተማርነውም ከዚህ ጋር ይገጥማል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፈችው ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በጠዋት የተዘፈዘፈ ማታ ይጠጡት ነበር፤ ማታ የተዘፈዘፈውን ደግሞ ጠዋት። ይህ በሙስሊም ሐዲስ ስብስብ ውስጥ ይገኛል። ዘቢብና ቴምርን በአንድ ላይ መዘፍዘፍ እንደተከለከለም ጃቢር (ረ.ዐ) ያስተላለፉት ሐዲስ አለ። ዑለሞች ምክንያቱን ሲያብራሩ፣ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ጣዕሙ ሳይለወጥ ቀድሞ ሊፈላ ስለሚችል ነው ይላሉ። ልጆች ሆነን ይህን ሐዲስ ስንቀራ «ቴምርና ዘቢብ ምን አጣላቸው?» እያልን ተገርመን ነበር። መልሱ ከስንት ዓመት በኋላ በድሬዳዋ ማድ ቤት ሲጽ ሲል ሰማነው።

እውነቱን ለመናገር «ይህ ኸምር ነው» ብለን አልፈረድንም። መለኪያ መሣሪያም ሆነ ፈትዋ የመስጠት ደረጃ የለንም። መፍላት መጀመሩን ብቻ ነው የመሰከርነው። አክስታችን የቀረውን ለራሷ ጨረሰችው። «እኔ የማላውቀውን ነገር ለእንግዳ አልቀዳም» አለች፤ ወደ ረዳቱም ዞራ «የመሥሪያ ቤት እንግዶች ያልካቸው የእኔን ቤት አምነው ነው የሚመጡት። ከሌላ ቦታ የሚያገኙትን ከእኔ ቤት ሳያውቁት ይጠጡ?» አለችው። በርሜሉን ሁለት ጎረምሶች ተሸክመው ደፉት። ሙሽራው አብሮ ሄዶ ነበር፤ ሲመለስ ማንንም አላየም።

ለቅሶ የሚሆን ጊዜ ግን አልነበረም። ጎረቤት ተጠራ። ከየቤቱ ሎሚ የያዙ፣ ቢላዋ የያዙ፣ ከበረዶ መሸጫ ጭነው የመጡ ልጆች ግቢውን ሞሉት። ሎሚው ታጥቦ ለሁለት ይከፈላል፣ ፍሬው በማጥለያ ይቀራል፤ ልጣጩ ውሃው ውስጥ እንዳይገባ አክስታችን ቆማ ትጠብቃለች፣ ያመረዋልና። ለአንድ ሊትር የተጣራ ውሃ ከአራት እስከ አምስት ትንንሽ ሎሚ፣ ስኳሩ ቀድሞ በሙቅ ውሃ ሟምቶ የቀዘቀዘ፣ ናዕናዑ በመጨረሻ እየተጨበጨበ። በረዶው ማሰሮውን ከውጭ ያቀዘቅዘው እንጂ ውስጥ አልገባም፤ በምን ውሃ እንደተሠራ የሚያውቅ የለማ! ያልተበላሸው ሁመርም ስኳርና ዝንጅብሉ ያኔውኑ ገባለት። ያ በርሜል ለምን እንደዳነ አሁን ግልጽ ነው፤ ስኳር አልነበረበትም፣ ዘቢብ አልገባበትም፣ ጥላ ሥር አድሯል።

ኒካሑ ታሰረ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ሳህኑ ዞረ። የሙሽራው ባልደረቦች አንድ ጠረጴዛ ሞልተው ተቀምጠዋል። ረጅም ብርጭቆ ከየጎረቤቱ ተለቃቅሞ ቢመጣም አልበቃ ብሎ ገሚሱ በሻይ ብርጭቆ ነው የተቀዳለት። አንደኛው እንግዳ ሁመሩን ጨርሶ ብርጭቆውን ዘረጋ፤ ቀጥሎም «ይሄን የት ነው የሚሸጡት?» ብሎ ጠየቀ። ሙሽራው ከተቀመጠበት ሆኖ እናቱን በአገጩ አመለከተ። በዚያ ቀን ሲስቅ ያየነው ያኔ ነው።

ልንመለስ ስንል አክስታችንን «ለልጆቹ አንድ ሁለት ጠርሙስ ሁመር አዘጋጂልን» ብለን ለመንናት። ወደ ጓዳ ገብታ ይዛልን የመጣችው ግን ጠርሙስ አልነበረም፤ በፌስታል የተጠቀለለ ሁለት ኪሎ ደረቅ ሁመር ነበር።

«ውሃ አዲስ አበባም አለ» አለችን።