ሮምና የእኛ ሐውልት

ዲማ ሻይ ቤት ገብቶ ፓስታ የበላ ሰው የጣልያንን ምግብ ቀምሷል። ስሙም የእነሱ ነው። ዋና ከተማቸው ሮም ናት። እኛ አኮቦ እንዳለን እሷም ቴቬሬ የሚባል ወንዝ አላት።

ሰው ወደ ሮም የሚጎርፈው የጥንት የድንጋይ ሥራ ለማየት ነው። ከዚያ መሐል አንዱ ግን የእኛው የአክሱም ሐውልት ነበር። ወጥ ድንጋይ ነው፤ ቁመቱ 24 ሜትር። በርና መስኮት ስለ ተቀረጸበት ፎቅ ቤት ይመስላል። የሙሶሊኒ ጦር በ1929 ዓ.ም. ዘርፎ ወሰደው።

ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ ሮም ላይ 42 ኪሎ ሜትር ሮጠ፤ ያውም በባዶ እግሩ! መሽቶ ነበርና መንገዱን በችቦ አበሩለት። ሐውልቱ ጋ ሲደርስ ፍጥነት ጨመረ። ተፎካካሪውን ጥሎ አንደኛ ወጣ።

ሐውልቱ ግን ገና 45 ዓመት ቀረው። በ1997 ዓ.ም. ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን መጣ። በ2000 ዓ.ም. አክሱም ላይ ቆመ።