እጅጌው

የፍርድ ቤት ጸሓፊ ነኝና ጣቶቼ ከብዕር በቀር አያውቁም ነበር። ዳሩ ግን የባለቤቴ ዐይን ስለ ደከመ ለታናሽ ልጃችን የዠመረችው ሹራብ ያለ እጅጌ ቀረ። የማንኪራ ዝናም በቡናው ጫካ ላይ ሲወርድ ብርዱ ልጁን እንዳይጎዳው ብዬ መርፌዎቹን አነሣሁ። በአገራችን ፈትል የሴት፥ ሽመና የወንድ ሥራ ነው፤ ሹራብ የማን እንደ ኾነ ግን የወሰነ ዳኛ የለም።

መዠመሪያ 30 ቀለበት ዘርግቼ በማግሥቱ ብቈጥር 34 ኾኖ አገኘሁት! ባለቤቴ በጣቷ ዳብሳ «ክሩን ያለ ስፍራው ደርበውታል» አለችኝ። ሦስት ጊዜ ፈታሁት። በአራተኛው እጄ ለመደ፤ አሁንማ መዝገብ ስገለብጥ እንኳ ልቤ ወደ ክሩ ይሄዳል።

ኹለተኛው እጅጌ ከፊተኛው በኹለት ጣት ይረዝማል። ባለቤቴ ዳብሳ ዐወቀችው፤ እኔ ግን አልፈታውም አልሁ። ልጁ አጥፎ ይለብሰዋል።