ቀኑ ቢለወጥም ሥራው ያው ነው



በጎንደር መስከረም ሲጠባ ክረምቱ ይወጣል፤ ሜዳውም አደይ አበባ ይለብሳል። እዚህ ፔታ ቲክቫ ግን ወቅቱ ተገላብጦ ይጠብቀናል። ስለ ዝናም የሚጸለየው የዳስ በዓል ሲያበቃ ነው። አባቶቻችን ስግድን የሚያከብሩት በደረቁ ወራት፣ እህል በሚሰበሰብበት ጊዜ፣ ተራራ እየወጡ ነበር። እኛ አንዳንድ ዓመት ጃንጥላ ይዘን ኢየሩሳሌም እንወጣለን።

ስለዚህም አንዳንድ እናቶችና አባቶች «እምነታችን እዚያው ተራራው ላይ ቀረ» ሲሉ እንሰማለን። እኛ በልጅነታችን ከጎንደር መጥተን፣ በዚሁ አገር ዩኒቨርሲቲ ተምረን፣ ዛሬ በማኅበራዊ ሠራተኝነት ቤት ለቤት የምንዞር ሰዎች ግን ያየነው ሌላ ነው። እምነት የሚፈተነውም የሚጸናውም በየዕለቱ ኑሮ ውስጥ ነው።

የመጀመሪያው ፈተና ሰንበት ነው። ለጽዳት ወይም ለፋብሪካ ሥራ ሰው የሚቀጥር ድርጅት የዓርብ ማታ ፈረቃ ይሰጣል፤ የቤት ኪራይ ደግሞ ቀኑን ቆጥሮ ይመጣል። «ሰንበትን ልሻር ወይስ ልጆቼን ላስርብ?» እያለ የሚጨነቅ አባት ብዙ ጊዜ ገጥሞናል። እንዲህ ያለው ሰው ሕጉን ማወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው የሥራና የዕረፍት ሰዓት ሕግ ለሠራተኛ በሳምንት ቢያንስ 36 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት ይሰጣል፤ ለአይሁዳዊ ሠራተኛም ሰንበት በዚያ ውስጥ ይገባል። ከተወሰኑ ሥራዎች በቀር «በዕረፍት ቀኔ አልሠራም» ያለን ሰው በዚህ ምክንያት አልቀጥርህም ማለት የተከለከለ ነው። ስለሆነም ውል ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፤ ቋንቋው ካስቸገራችሁ እኛን ይዛችሁ ሂዱ። ሰንበትን መጠበቅ አንዳንዴ የሚጀምረው በአሠሪው ጠረጴዛ ፊት ነው።

ሁለተኛው ፈተና በግልጽ አይወራም። ከመካከላችን አያቶቻቸው ወደ ክርስትና የገቡ፣ ራሳቸውም ዐቢይ ጾምንና ፍልሰታን እየጾሙ ያደጉ ቤተሰቦች አሉ። እዚህ መጥተው ወደ ቀደሙ አባቶቻቸው ሃይማኖት ሲመለሱ፣ ትናንት የጾሙትን ለልጆቻቸው መናገር ያፍራሉ። በአገር ቤት በክርስትናቸው ያሉ ዘመዶችም አሏቸው፤ በፋሲካ ስልክ ሲደወል «እንኳን አደረሳችሁ» ለማለት እንኳ ይሳቀቃሉ።

እኛ የምንለው ይህን ነው፦ የምንጾምበት ቀን ቢለወጥም ጾም ያስተማረን አይለወጥም። ሆድን መግታት፣ ምላስን መግታት፣ ለተቸገረ ማካፈል፣ የተጣላን ማስታረቅ፣ እነዚህን በየትኛውም ቤት ተምራችሁት ቢሆን ለልጆቻችሁ አውርሱ። እናት የምትሸሽገውን ነገር ልጅ ማፈሪያ ያደርገዋል። ደስ ብሏት የምትነግረውን ግን ሀብቴ ነው ብሎ ይይዘዋል። ዘመድንም በበዓሉ እንኳን አደረሰህ ማለት የወገን ወግ ነው፤ ሃይማኖትን አያስለቅቅም።

ሦስተኛው ፈተና በወላጅና በልጅ መካከል ነው። ልጆች ዕብራይስጡን ቶሎ ይይዛሉ፤ በየቢሮው አስተርጓሚ ይሆኑና ወላጅ በገዛ ቤቱ እንግዳ ይሆናል። ለዚህ ያገኘነው መድኃኒት ቀላል ነው። ዓርብ ከሰዓት የሰንበቱ ዳቦ ሲጋገር ልጁን ከአጠገባችሁ አስቀምጡት። ሊጡን ያቡካ፣ እናንተም በአማርኛ አጫውቱት። ስግድ በመጣ ጊዜም አብራችሁ ውጡ። ከአስተሥርዮ በኋላ በ50ኛው ቀን የሚውለውን ይህን በዓል ክኔሴት እ.ኤ.አ. በ2008 በሕግ ብሔራዊ በዓል አድርጎታል። ቄሶች በግዕዝ ሲያነቡ ልጁ ባይገባው፣ እናንተ የምታውቁትን ያህል ንገሩት። በዚያን ቀን አስተርጓሚው እናንተ ናችሁ።

የምንኖርባት ከተማ ስሟ «የተስፋ በር» ማለት ነው፤ የተወሰደውም ከትንቢተ ሆሴዕ ነው። ነቢዩ የተስፋ በር ይሆናል ያለው የመከራ ሸለቆ ተብሎ የሚታወቀውን ስፍራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1878 ከተማይቱን የቆረቆሩ ሰዎችም ወባ በርትቶባቸው ጥለዋት ሄዱ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመልሰው እንደገና ጀመሩ። በዚህች ከተማ እንደገና መጀመር የተለመደ ነገር ነውና ማንም ቢሆን አይፈር።

የዝናሙን ወራት የበረከት ያድርግላችሁ።