በደብረ ታቦር ከተማ በእግር መመላለስ

የቡሄን በዓል በደብረ ታቦር ለማክበር አስበን፥ ከጉና ተራራ በስተ ሰሜን ምዕራብ ወዳለችው ወደዚህች ከተማ ነሐሴ 12 ቀን ደረስን። ራስ ጉግሣ እንደ ቈረቈሯት ይነገራል፤ ዐፄ ቴዎድሮስም መናገሻቸው አድርገዋት ነበር።

ማታ በእግራችን ስንመላለስ ልጆች ችቦ አብርተው፥ ጅራፍ እያጮኹ፥ በየደጁ ሲዘፍኑ አገኘናቸው። አንዱ ያወጣል፥ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ እመቤቲቱም ሙልሙል ይዛ ትወጣለች።

በማግሥቱ ወደ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲያዘነብሉ ነፋስ የሚያወዛውዘው ደንገል መሰሉን። ይህም የተክሌ ዝማሜ የሚባለው ነው። የፎገራው ሰው አለቃ ገብረ ሐና የጣናን ማዕበል አይተው አበጁት፤ የጎንደር ሊቃውንት አንቀበልም ቢሏቸው ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፥ ልጁም በደብረ ታቦር ተከለው ይባላል።

ከዚያ ወደ ጋፋት ተጓዝን። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የተጐተተው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራው በዚህ ነው። ዛሬ ግን የመዶሻ ድምፅ አይሰማበትም።

በዚያም ቆመን አንድ ነገር አሰብን። የመድፉ ሥራ ከሠሪዎቹ ጋር ቀረ፤ ዝማሜው ግን ከአባት ወደ ልጅ፥ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ስለ ተላለፈ እስከ ዛሬ ይኖራል። እርሱም ቢሆን በመጽሐፍ ብቻ አይያዝም፤ ተማሪው ከመምህሩ አጠገብ ቆሞ በእጁና በእግሩ ካልተማረው ይጠፋል።

ስለዚህ ክቡራን አንባብያን ሆይ፥ የቡሄ ልጆች ከደጃችሁ ሲቆሙ ለመክፈት አትዘግዩ፤ የነገው መሪጌታ ከእነርሱ መካከል ይገኝ ይሆናልና።